ከጠፍሩ ሥር የገባች ጣት

ምጽዋ፣ ኅዳር 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ታላቅ ወንድም፣ በጎንደር ቀሃ ኢየሱስ ሠፈር ለሚኖሩት ለወጌሻው ለአያ በላቸው ወልደኢየሱስ።

ከተለያየን ወዲህ እንደምን ከርመዋል? ቤቱስ፣ ከብቱስ፣ ደጅዎን የሚያንኳኳው ሰባራስ እንደምን ነው? ሞቶ ይሆናል ብለው ከሆነ አልሞትኩም። በሊማሊሞ የመንገድ ሥራ ያልሞተ ሰው በምን ይሞታል? የአባቶቼ አምላክ ይመስገን፣ ከሙቀቱ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

የመንገዱን ሥራ ትቼ በማኪና አስመራ ገባሁ፤ ከዚያ ቁልቁል ምጽዋ ወረድኩ። ወደብ ላይ ሲሚንቶ ስሸከም ሰንብቼ አሁን ሳንቡክ የሚሉት ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ተቀጥሬያለሁ። የጣናን ታንኳ አያስቡ። ሃያ ታንኳ ደርድረው ቢያስሩት አያክለውም። ምሰሶው የቤተ ክርስቲያን ጉልላት የሚደርስ ነው፤ ሸራው የሚንጠለጠልበት አግዳሚ እንጨት ደግሞ ከምሰሶው ይረዝማል። አለቃችንን ናኹዳ ይሉታል።

የምጽፍልዎት ስለ ጉዳት ነው። እዚህ ጀልባ ላይ ሰው ሳይጎዳ የሚውልበት ቀን የለም። ገመዱ ሲሮጥ የመዳፍን ቆዳ ይዞ ይሄዳል። ወለሉ በዓሣ ዘይት ስለሚያሟልጭ ጉልበትና ክርን አይተርፍም። ባለፈው የመልሕቁ ሰንሰለት የአንዱን አውራ ጣት አወለቀው፤ እንዳስተማሩኝ ስቤ መለስኩለት። ጮኸ፣ ሰደበኝ፣ ኋላ ዓሣ ጠብሶ ይዞልኝ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሐኪም ይሉኛል። ደስ አይልዎትም?

ዑመር የሚባል የዳህላክ ደሴት ልጅ ወዳጅ ሆኖኛል። ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሸራ የሚያስረው እሱ ነው። በመጣሁ በሳምንቱ ባሕር ውስጥ ወድቄ በፀጉሬ ጎትቶ ያወጣኝ እሱ፣ በትግርኛና በዓረብኛ እያደባለቀ ቋንቋ የሚያስተምረኝም እሱ። የመዳፉ ቁስል አልድን ብሎታል፤ ሊደርቅ ሲል የባሕሩ ጨው ይከፍተዋል። ምን ልቀባበት?

አባቴ እንዴት ናቸው? በልጅነቴ በቅሎ ጥላቸው ቀኝ እጃቸው መሰበሩን፣ አንቱ ጠግነው ሊድን ሲል መጋኛ መትቶት ጠቁሮ መውደቁን ለመርከበኞቹ ባወራላቸው አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። እነሱ አገር መጋኛ የለም መሰለኝ።

ይህን የሚያደርስልዎት የአዘዞው ይባረክ ነው፤ የጭነት ማኪና ሾፌር ሆኗል። በፖስታ አልልክም፤ በፖስታ የሚላከውን ከባለቤቱ በፊት የሚያነብ አለ። ፋሻ የሚሉትን የቁስል መጠቅለያ ጨርቅ አብሬ ልኬያለሁ።

ጉልበትዎን የሚስም፣ ልጅዎ አምባቸው ሀዳነ።


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለአምባቸው።

ጌታችን በባሕር ላይ በእግሩ ሄዷልና አንተንም እዚያ አይስትህም፤ እሱ ይጠብቅህ። እኛ አለን። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ ጊዜ ለራሴ፣ አንድ ጊዜ ለአባትህ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሐኪም ሆነ ሲባል ላላመነ ጎረቤት።

ለመዳፉ ቁስል ማር ቀባበት። ንጹሕ ማር ካጣህ ጨው ያልነካው ቅቤ። ጨው ውኃ እንዳይነካው እንዳልልህ፣ ባሕር ላይ ያለን ሰው ጨው ውኃ አይንካህ ማለት ጎንደር ያለን ሰው ጥልያን አትይ እንደ ማለት ነው። የዓሣ ዘይት ካለ ከላይ በወፍራሙ ለቅልቀው፤ ውኃ አያስገባም።

ፋሻው ሸጋ ጨርቅ ነው። ካገኘህ ሌላም ላክልኝ። ሰሞኑን ደጄ የሚመጣው ሰባራ በዝቷል። ምን ሆናችሁ ስላቸው ከዛፍ ወደቅን ይሉኛል፤ አንድ ዛፍ ከሌለበት አገር የመጡት ሳይቀሩ። እኔም ዛፉን ተጠንቀቁ እላቸዋለሁ።

ስብራት ከገጠመህ እኔ ሳደርግ እንዳየኸኝ አድርግ። አንዳች ሳታስቀር፣ እንዳየኸኝ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን መስመር የሠረዝኩት ቀለም ፈሶብኝ ነው።

አባትህ ደህና ነው። ስለ መጋኛው ለመርከበኛ ማውራትህን ሳነብለት ተነሥቶ ወጣ። ደስ አላለውም መሰለኝ፤ አንተም ተው።

አጎትህ በላቸው።


ምጽዋ፣ ጥር 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ በላቸው።

ጥምቀትን እንደምን አሳለፉት? እኔ ታቦት የሌለበት ውኃ ዳር አሳለፍኩ። በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ይባረክ ማኪናውን አስነሥቶ ይጠብቀኛል።

የዑመር ክንድ ተሰበረ። ከትናንት በስቲያ ሸራ ስንሰቅል ገመዱ ተበጠሰና አግዳሚው እንጨት መጥቶ ክንዱ ላይ አረፈ። ቀኝ እጁ ነው፤ ከክርኑ በታች ሁለቱም አጥንት። ናኹዳው ሆስፒታል እናድርሰው አለ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እነሱ ይቆርጡታል፣ እኔ ግን አድነዋለሁ፣ ከወጌሻ ዘር ነኝ፣ ካልዳነ አንገቴን ቁረጡት ብዬ በሰው ፊት ዋስ ገባሁ። ዑመርም እሱ ያድነኛል አለ።

አያ፣ ቢያዩኝ ይኮሩብኝ ነበር። አጥንቱን በጣቴ አዳምጬ ገጠምኩት። ሸምበቆ ሰንጥቄ በአራቱም ጎን ደረደርኩ። ለጉዞው ከታረደው ፍየል ቆዳ ጠፍር ተልትዬ፣ ዘፍዝፌ፣ በእርጥቡ ጠመጠምኩት። ደርቆ እንጨት ሆነ፤ ንቅንቅ አይልም። ትናንት ለአጭር ጉዞ ወጥተን ስንመለስ ማዕበል ረጭቶት ላላ ብሎ ነበር፤ እንደገና ስቤ አጠበቅሁት። ነገ ጨው ጭነን ወደ ጂዳ እንሄዳለን። እስከምንመለስ አጥንቱ ይገጥማል።

ልጅዎ አምባቸው።


ጎንደር፣ ጥር 18 ቀን 1931 ዓ.ም.

አምባቸው፣

ፍታው። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ሰዓት፣ የያዝከውን ጥለህ፣ ሄደህ ፍታው። ጠፍር በውኃ ይላላል፣ ሲደርቅ ይነክሳል። ቤት ተቀምጦ አንዴ የሚደርቅ ሌላ ነው፤ በየቀኑ እየራሰ፣ አንተም እየሳብክ፣ ፀሐይም እያደረቀችው ሌላ ነው። በፋሻ እሰረው። አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ይግጠም፤ ግድ የለም።

ሌላ ወሬ አልፈልግም። ጣቶቹ ቀይ ናቸው ወይስ ጠቁረዋል? ሙቅ ናቸው ወይስ ቀዝቃዛ? ይህችን ብቻ ጻፍልኝ።

ለምን እንደምልህ አትጠይቀኝ።

በላቸው።


ጎንደር፣ የካቲት 9 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለአምባቸው።

እግዚአብሔር ካለህበት ያድርስልኝ። ይባረክ ተመልሶ ጀልባችሁ ገና አልገባም አለኝ፤ ደብዳቤዬን ለወደቡ ዘበኛ ትቶልህ መጥቷል። ቶሎ ያልጻፍኩት መንገዱ ዐሥር ቀን ተዘግቶ ስለነበር ነው። ለምን እንደተዘጋ አንተም ታውቃለህ።

ጾም ከገባ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። አባትህ ምን ሆነሃል ይለኛል። የሰባራው ብዛት ነው እለዋለሁ፤ እሱም እሺ ይላል። ፋሻ አልፈልግም፣ ምንም አልፈልግም። ቀይ ወይስ ጥቁር ብለህ አንድ ቃል ላክልኝ።

አጎትህ በላቸው።


ምጽዋ፣ የካቲት 24 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለአያ በላቸው ወልደኢየሱስ።

ጥቁር።

ደብዳቤዎን ዘበኛው የሰጠኝ የዑመር እጅ ከተቆረጠ በሦስተኛው ቀን ነው። ፍታው ይላል። ለምን ግን አይልም።

የሆነውን ልጻፍልዎት። ከምጽዋ በወጣን በመጀመሪያው ቀን ማዕበሉ አጠበን። ጠፍሩ ላላ፤ አጠበቅሁት። በማግስቱም እንደዚያው። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ትወጣና ይደርቃል። በሦስተኛው ቀን ዑመር ፍታልኝ እያለ አለቀሰ። እሱ የሚያለቅስ ሰው አይደለም። ቻል አልኩት። አንቱ ደጅዎ ለመጣው ሁሉ እንደሚሉት፣ በአንቱ ድምፅ፣ ቻል አልኩት። በአራተኛው ቀን ሕመሙ ተወኝ ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ለናኹዳው ዳነ ብዬ ነገርኩት። ከዚያ ጣቶቹን አየሁ። ቀዝቅዘዋል፤ ጫፋቸው እንደ ከሰል ጠቁሯል።

ይህን ጊዜ ምን እንዳልኩ ያውቃሉ? መጋኛ ነው አልኩ። በቤታችን ሲነገር የሰማሁት እሱን ነው፤ የአባቴን እጅ ያጠቆረው እሱ ነው። አንድ ሽማግሌ መርከበኛ ቢላዋ ይዞ ጠፍሩን ሊቆርጥ መጣ። ከተፈታ መጋኛው ወደ ልቡ ይወጣል ብዬ በራሴ ቢላዋ ፊቱ ቆምኩ። ይህም ስለ አባቴ ሲወራ የሰማሁት ነው። አንድ ሙሉ ቀን ያስጠጋሁት ሰው የለም። ኋላ አራት ሆነው ይዘውኝ ፈቱት። ሲፈታ የጠፍሩ መሥመር ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር። ናኹዳው ጀልባውን አዞረ፤ ነፋሱ ግን ፊት ለፊት ስለነበር አምስት ቀን ፈጀብን። ሆስፒታሉ ከክርኑ በታች ቆረጠው።

በሆስፒታሉ ቁስሉን የሚያክመው አንድ የአካለ ጉዛይ ሰው ነው። በትግርኛ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ ይህን መጋኛ አላደረገውም አለኝ። ማሰሪያ ነው ያደረገው፤ እንዲህ ያለ እጅ ከደጋው በየዓመቱ ይመጣልናል አለኝ። ከዚህ በፊት አይተህ አታውቅም? ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ልለው ስል የአባቴ እጅ ትዝ አለኝ።

ስምንት ዓመት ሸምበቆ ይዤልዎታለሁ። አስረው ሲጨርሱ ሁልጊዜ ጣትዎን ከጠፍሩ ሥር ያስገቡና ከንፈርዎን ያንቀሳቅሳሉ። ጸሎት ነው ብዬ ነበር። ጎንደር ሳለሁ እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር፤ ጣቴን አስገብቼ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። የዑመርን እጅ ሳስር ግን ዙሪያዬን ያሉት ሁሉ እስላሞች ናቸው። በሰው እጅ ላይ የራሴን ጸሎት ልድገም? አፈርኩና ተውኩት። ጸሎቱን የተውኩ መስሎኝ ነው። አያ፣ ጸሎት ነበር ወይስ ሌላ?

የሠረዙት መስመር ላይ ምን ነበር የተጻፈው?

የአባቴን እጅ የበላው ምንድን ነው? ይህን ሳይነግሩኝ ጎንደር አልገባም። ዑመር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። በየቀኑ እሄዳለሁ፤ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ናኹዳው አንገትህን አልፈልገውም አለኝ። ቢፈልገው ይሻለኝ ነበር።

አምባቸው።


ጎንደር፣ መጋቢት 26 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለአምባቸው።

ሰሙነ ሕማማት ነውና ሰላምታ የለም። ቢኖርም እኔ ልሰጥህ አይገባኝም።

ወር ሙሉ ዝም ያልኩት ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ቀርቶ አይደለም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። በአንዱ ላይ መጋኛ ብዬ ጽፌ ነበር። ለአሥራ ስምንት ዓመት የተናገርኩት ስለሆነ እጄ ሳላዝዘው ይጽፈዋል።

ጸሎት አልነበረም።

በ1913 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። አባትህ የመገጭን ወንዝ ሲሻገር በቅሎዋ ጣለችው። እኔ ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፤ ከአባቴ የተማርኩትን ሁሉ የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር። እጁን ገጠምኩት፤ አሁንም እምልልሃለሁ፣ ሸጋ አድርጌ ገጠምኩት። ጠፍር ዘፍዝፌ ጠመጠምኩ። ሀዳነ አርፎ የሚተኛ ሰው አይደለም። ከብቱን ላስገባ ብሎ ዝናብ ውስጥ ወጣ፤ ጠፍሩ ራሰና ላላ፤ አጠበቅሁት። ገብቶ እሳት ዳር ተቀመጠ፤ ደረቀ። ሦስት ቀን እንደዚህ ሆነ። አንተ የባሕር ነገር መስሎህ ይሆናል። የክረምት ዝናብም ያው ነው።

ፍታልኝ አለኝ። ቻል አልኩት። ታላቅ ወንድሙ ስለሆንኩ ቻለ። ጣቶቹ ሲጠቁሩ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ምን ሆኖ ነው ብለው ሁሉም እኔን አዩኝ። መጋኛ መታው አልኩ። ከተፈታ ወደ ልቡ ይወጣል ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ፈትተው የጠፍሩን መሥመር እንዳያዩ ብዬ። ያቺን ቃል አንተ ባሕር መካከል ቢላዋ ይዘህ ጠበቅህልኝ።

ከዚያ ወዲህ ጣቴን ከሥሩ ሳላስገባ አስሬ አላውቅም። ጣት ከገባ ደም ይሄዳል፤ ካልገባ መላላት አለበት። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ጥበብ የለበትም። በየቀኑ ጧትና ማታ መታየት አለበት። ነገር ግን በፊት የማላደርገውን አሁን ምነው ማድረግ ጀመርክ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ፈራሁ። ስለዚህ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ፤ ጸሎት እንዲመስል። አንድም ቃል አልልም ነበር። በባዶ ከንፈር ስንት ሰው አሚን አስባልኩ። ለአንተም ልነግርህ እያሰብኩ፣ ሲያድግ፣ ሲያድግ ስል አደግህ፣ ሄድክ። የሠረዝኩት መስመር «ጣቴን ሳስገባ የማደርገው ጸሎት አይደለም» የሚል ነው። ያንን መስመር ባልሠርዘው ኖሮ የዚያ ልጅ እጅ ዛሬ ከክርኑ ጋር ነበር።

ትናንት ለአባትህ ደብዳቤህን አነበብኩለት፤ ሁሉንም፣ ሳልዘል። ከዚያ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ የራሴን ነገርኩት። ሲሰማኝ ቆይቶ፣ ብራናህን አምጣና ጻፍ አለኝ። ብራና አይደለም ወረቀት ነው አልኩት። ምንም ይሁን፣ እኔ የምለውን ጻፍ፣ አታሳምረው አለኝ። እሱ እያለ እኔ እየጻፍኩ ነው፦

«አምባቸው ልጄ። የእጄን ነገር ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። የታሰረው የእኔ እጅ አይደል? መጋኛ ያለው እሱ ነው፤ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እጄ አንዴ ሄዷል፤ ወጌሻ ስሙ ከጠፋ ደግሞ ደጁን ማን ይረግጣል? ቤቱም ከእጄ ጋር አብሮ እንዳይሄድ ብዬ ዝም አልኩ። እሱ እንደማላውቅ አስመሰለ፣ እኔም እንደማላውቅ አስመሰልኩለት። ውሸቱ እዚህ ቤት የሚቀር መስሎኝ ነበር። አንተ ይዘኸው ባሕር ትወርዳለህ ብዬ አላሰብኩም። የልጁ እጅ በእኔና በወንድሜም ላይ ያለ ዕዳ ነው እንጂ በአንተ ብቻ አይደለም። ይህን ንገረው።»

ይህን ሲል አላለቀሰም። ያለቀስኩት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቀለሙ የተበላሸው ለዚህ ነው። ይህኛው እውነት ነው።

በላቸው።


ምጽዋ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ በላቸውና ለአባቴ ለሀዳነ ወልደኢየሱስ።

እንኳን ለትንሣኤው አደረሳችሁ። ደብዳቤያችሁን ወደቡ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ብዙ ተናድጃለሁ። በሁለታችሁም ላይ ተናድጃለሁ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እኔም መሠረዝ መጀመሬ ነው። ኋላ ግን ወረቀቱን ይዤ ዑመር ዘንድ ሄድኩ። አሁን ከሆስፒታል ወጥቶ የናኹዳው መጋዘን ውስጥ ይተኛል። ፊቱን ሳያዞር እየሰማኝ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ ትግርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። የእኔንም አልቀነስኩም። ጸሎት መስሎኝ እናንተን አፍሬ ተውኩት አልኩት።

 ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ዞረና፣ አባትህ መቀነቱን ማን ያስርለታል? አለኝ።

እሳቸው ራሳቸው አልኩት።

በቅሎስ ማን ይጭንለታል?

ራሳቸው ይጭናሉ። ገመዱንም ራሳቸው ያስራሉ።

በአንድ እጅ እንዴት ይታሰራል? አለኝ።

አባቴ፣ ሃያ ዓመት አንድ ቤት ኖሬ እንዴት እንደሚያስሩ አላውቅም። ሲያስሩ ላለማየት ሁላችንም ፊታችንን ስናዞር ነው ያደግኩት። አክብሮት ይመስለን ነበር። ዑመር የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፤ ይህንንም የምመልስለት የለኝም።

ናኹዳው ለሰኔ ጉዞ ገመድ ማሰር ከቻለ አልጥለውም ብሏል። ካልቻለ ወደ ደሴቱ ይልከዋል። ደሴቱ ላይ ዓሣ ከማስገር ሌላ ሥራ የለም፤ መረብም የሚቋጠረው በእጅ ነው። ገመዱን ይዞ ቀኑን ሙሉ ይሞክራል። በጥርሱ ይዞ ይስባል፤ ያመልጠዋል፤ ይወረውረዋል፤ ደግሞ ያነሣዋል። ልርዳህ ስለው ያየኛል።

እባክዎ አባቴ፣ እንዴት እንደሚያስሩ ለአያ ይንገሩትና ይጻፍልኝ። ሌላ የምለምናችሁ የለኝም።

ልጃችሁ አምባቸው።


ጎንደር፣ ግንቦት 9 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጃችን ለአምባቸው።

በቁጣህ ላይ ሰላም ይጨምርልህ። ቁጣህን አታጥፋው፤ ይገባናል።

አባትህ ሊነግረኝ፣ እኔም ልጽፍ ሁለት ቀን ተቀመጥን። «ጫፉን በጥርስህ ያዝ» ይላል። እጽፋለሁ። «በጥርስህ አይደለም፣ ቆይ፣ መጀመሪያ በጉልበትህ ተጫነው» ይላል። እሠርዛለሁ። ገመዱን አምጥቶ ሲያሳየኝ ደግሞ እጁ ከአፉ ይቀድማል፤ የቱ ጋ እንደዞረ ሳላየው ታስሮ አገኘዋለሁ። ሦስት ወረቀት ካበላሸን በኋላ ተነሣና፣ ይህ የሚጻፍ ነገር አይደለም አለ።

ነገ ጧት በይባረክ ማኪና ይመጣል።

አዎ፣ ሀዳነ። ጥልያን በሠራው መንገድ እግሬን አላነሣም፣ ማኪናውንም አልነካም ብሎ የማለው ሀዳነ። መሐላህስ ስለው፣ መሐላዬን የማልኩት ለራሴ ነው፣ ይህ ግን ለልጁ ነው አለኝ። ሊማሊሞን ሲወርድ እንደሚያጥወለውለው ነግሬዋለሁ። ሙቀቱንም ነግሬዋለሁ። ባሕሩን እፈራለሁ ብሎ ግን አልደበቀኝም፤ ጀልባው ላይ ሲወጣ ከአጠገቡ ሁን።

ሲደርስ ጓዙን ልያዝ እንዳትለው። መቀነቱንም እንዳታስርለት። ሲያስር ግን ፊትህን አታዙር። ቁጭ ብለህ እይ፤ ያም ልጅ ከጎንህ ተቀምጦ ይይ። ሳይሰለቸው ደጋግሞ ያሳያችኋል፤ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ኖረ እንጂ መናገሩን አልጠላም ነበር።

ደጄ አሁንም ሰባራ ይመጣል። ጣቴን ሳስገባ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ደም መሄዱን ለማየት ነው፣ እናንተም ጧትና ማታ እዩ እላቸዋለሁ። የወንድሜን እጅ እንዴት እንዳጠፋሁ ለአንዳንዶቹ ነግሬያለሁ። ሰምተው ወደ ሌላ ወጌሻ የሄዱ አሉ። የቀሩም አሉ።

ዛሬ ጓዙን ሲያስር ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ለዑመር የያዘለት ማር አለ፤ እኔ የሰጠሁት ፋሻም አለ። ገመዱን በጉልበቱ ተጭኖ ሲጀምር እንደ ልማዴ ዓይኔን ወደ በሩ አዞርኩ። «በላቸው» አለኝ። ዞር ስል የገመዱን ጫፍ ዘርግቶልኛል። «ይህችን ያዝልኝ» አለ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ያዝልኝ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። እንደማያስፈልገው ሁለታችንም እናውቃለን። ያዝኩለት። አስሮ ሲጨርስ ጣቱን ከገመዱ ሥር አስገባና፣ «በቂ ነው፣ አሁን ልቀቀው» አለኝ።

አጎትህ በላቸው ወልደኢየሱስ።